ጥቅምት ሠላሳ የለም

መሪጌታ ይትባረክ ያረፉት ባለፈው ጥቅምት ሠላሳ ቀን ነው። ንጋት ላይ ዐረፉ፣ በዚያው ቀን ዘጠኝ ሰዓት ላይ ቀበርናቸው። አካፋ ይዘው አፈር ከመለሱት ሰዎች አንዱ እኔ ነኝ፤ ስለዚህ ቀኑን የምሳሳትበት ምንም ምክንያት የለም። በማግስቱ የደብሩ ጸሐፊ «ግርማ፣ ይሄን ማሽን የምታውቀው አንተ ነህ፤ እስቲ መዝገቡ ላይ አስገባቸው» ብሎ ወንበር ሰጠኝ። ስማቸውን ጻፍኩ። የክርስትና ስማቸውን ጻፍኩ። ቀኑን ስጽፍ ግን ኮምፒውተሩ ቀይ ጽሑፍ አወጣብኝ። እንዲህ ያለ ቀን የለም አለኝ።

«እንዴት ነው የሌለው? ትናንት እኮ ነው!» ብዬ ጮህኩበት። ጸሐፊው ከወረቀቱ ቀና ብሎ፣ ይሄ ሰው ሐዘኑ ጠናበት መሰለኝ በሚል ዓይን አየኝ።

መገረም አልነበረብኝም። ይህ ማሽን አንዳንድ ቀኖችን እንደማያውቅ ያስተማሩኝ ራሳቸው መሪጌታ ናቸው። ቢሆንም ሰው የሚያውቀው ነገር በራሱ ሰው ላይ ሲደርስ ሌላ ነው። ምን ብዬ ላስገባቸው? እንዲህ ያለ ነገር ሲገጥመኝ የምጠይቀው ሰው እኮ እሳቸው ነበሩ!

እስቲ ከመጀመሪያው ልናገር። ከመካከል መጀመር ለእሳቸውም አይሆንላቸውም ነበር።

እኔ ወሰን አካባቢ አንድ ጋራዥ ውስጥ የመኪና ኤሌክትሪሺያን ነኝ። ኮምፒውተር የሚባለውን ነገር ልጄ ስትነካው ከማየት በቀር አላውቀውም ነበር። የሰፈር ሰው ግን ሽቦ የነካ ሁሉን ያውቃል ብሎ ነው የሚያስበው፤ ቴሌቪዥን ሲበላሽ እኔ፣ ምጣድ ሲቃጠል እኔ። የተወለድኩት ቀበና ነው። እናቴ የተቀበረችው ከቀበና ወንዝ በላይ፣ ወደ እንጦጦ በሚወጣው አቀበት ላይ ባለችው ደብራችን ነው።

እውነቱን ልናገር፣ እንደ ልጅ አልሆንኩላትም። ሙት ዓመቷን አወጣሁ፣ ከዚያ አንዴ ሁለቴ ሄጄ አየኋት፣ ከዚያ ሥራ ነው፣ ኑሮ ነው፣ ዛሬ ነገ እያልኩ ቀረሁ። እንዲህ እንዲህ እያለ አሥራ ሁለት ዓመት ሞላት። ካቻምና ፍልሰታ እንደተፈታ ግን በደብሩ በር ላይ ማስታወቂያ ተለጠፈ። የመቃብሩ የታችኛው ወገን በጎርፍ እየተናደ ስለሆነ ግንብ ሊሠራበት ነው። እዚያ ወገን ሰው ያለው የመቃብሩን ረድፍና ቁጥር ከመዝገብ አውጥቶ እስከ መስቀል ድረስ ዐፅሙን ወደ ላይኛው ወገን ያዛውር፤ ባለቤት ያልቀረበለት ዐፅም በአንድ ጉድጓድ በጋራ ይቀመጣል ይላል።

እየሮጥኩ ወጣሁ። የእናቴን መቃብር አጣሁት። ያኔ በሁለት ባሕር ዛፎች መካከል ነበረች፤ ባሕር ዛፎቹ ተቆርጠዋል። ስሟ የተጻፈበት ቆርቆሮ ዝጎ የት እንደወደቀ እግዜር ይወቀው። እዚህ ጋ ናት ብዬ ቆምኩ፣ ኧረ እዚያ ጋ ናት ብዬ ሄድኩ፣ ሣሩ ሁሉ አንድ ዓይነት ነው። ወልዳ ያሳደገችኝን ሴት የት እንዳስቀመጥኳት ጠፋኝ። በዕድሜዬ እንደዚያ ቀን አፍሬ አላውቅም።

ጸሐፊው ዘንድ ገባሁ።

«ረድፍና ቁጥሩን ያውቁታል?» አለኝ።

«ባውቀው እርስዎ ዘንድ ምን አመጣኝ?»

«መዝገቡ ኮምፒውተር ላይ ነበር። ሐምሌ ላይ መብራት ሄዶ ሲመጣ ኮምፒውተሩ ተቃጠለ።»

«ቅጂ የለውም?»

«አለው። መሪጌታ አንገት ላይ ነው።»

የቀለደብኝ መስሎኝ ልጣላው ምንም አልቀረኝ።

አልቀለደም። መሪጌታ ይትባረክን ያገኘኋቸው ዕቃ ቤቱ ደጃፍ፣ ጣራው ሥር ተቀምጠው ነው። ረጅም፣ ቀጭን፣ ጋቢያቸውን እስከ ጆሯቸው የተከናነቡ ሽማግሌ ናቸው። ዓይናቸው ላይ ነጭ ነገር ወርዶበታል፤ ጥላ ያያሉ እንጂ መልክ አይለዩም። አንገታቸው ላይ ማተብ አለ፣ ማተቡ ላይ የእንጨት መስቀል አለ፣ ከመስቀሉ ጎን ጥቁር ፍላሽ ተንጠልጥሏል።

«ማነህ?» አሉኝ።

«ግርማ እባላለሁ፣ መሪጌታ። ጋራዥ ነው የምሠራው። የእናቴን መቃብር ፈልጌ ነው። ወይዘሮ አስካለ ተክሌ ትባላለች።»

 ከንፈራቸው ብቻ ሲንቀሳቀስ አየሁ። የሚጸልዩ መስሎኝ ቆሜ ጠበቅኩ፤ ደህና ጊዜ ወሰደ። ከዚያ ድንገት «ሽቦ ትነካለህ ማለት ነው?» አሉ።

«የመኪና ሽቦ።»

«ሽቦ ሽቦ ነው። ኮምፒውተርስ አለህ?»

«ልጄ የተወችው አሮጌ ላፕቶፕ አለ።»

«ይዘኸው ና። ዓይንና እጅ ከአንተ፣ ቃሉ ከእኔ።»

ነገሩ እንዲህ ነው። ከብዙ ዓመት በፊት አንድ በጎ አድራጊ ለደብሩ ኮምፒውተር ሲሰጥ ሁሉም ፈራው። መሪጌታ ያኔ ዓይናቸው ደህና ነበር፤ «ዳዊት በቃሌ የያዝኩ ሰው ይሄ ያቅተኛል?» ብለው መገናኛ ድረስ እየተመላለሱ ተማሩ። እንግሊዝኛ አይችሉም። ስክሪኑ ላይ የሚወጣውን ሁሉ፣ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ፣ ትርጉሙን ሳያውቁ በቃላቸው ያዙት። አንድ ወጣት ደግሞ የመቃብር መዝገብ የሚይዝ ፕሮግራም ሠራላቸውና ከዚያ ወዲያ የት እንደገባ አልታወቀም። ያ ፕሮግራም የሚሠራው በዚያን ጊዜው ኦፐሬቲንግ ሲስተም ላይ ብቻ ነው፤ አዲስ ኮምፒውተር አይቀበለውም። መላው ታዲያ በአዲሱ ኮምፒውተር ሆድ ውስጥ ሌላ የይምሰል ኮምፒውተር ፈጥሮ፣ አሮጌውን ሲስተም እዚያ ውስጥ መጫን ነው። ቨርቹዋል ማሽን ይሉታል። አሮጌው ሲስተምም፣ ፕሮግራሙም፣ መዝገቡም ያሉት አንገታቸው ላይ ባለችው ፍላሽ ላይ ነው።

ይሄን ሲነግሩኝ አንድም ነገር አልገባኝም።

«መሪጌታ፣ ኮምፒውተር ውስጥ ኮምፒውተር? የት ይገባል?»

«ቤተ ክርስቲያን ገብተህ አታውቅም? ቅኔ ማኅሌት አለ፤ ከእሱ ውስጥ ቅድስት አለ፤ ከእሷ ውስጥ መቅደስ አለ። ሦስት ነው፣ ግን አንድ ቤት ነው። ይሄ ምኑ ይገርምሃል?»

«እሺ፣ የውስጠኛው ማሽን ከውጭ ሌላ እንዳለ ያውቃል?»

«አያውቅም። በዓለም ላይ ያለሁት እኔ ብቻ ነኝ ብሎ ነው የሚሠራው። አንተስ?»

 እንዲህ ነበሩ፤ አንድ ነገር ጠይቀሃቸው ሁለት ግራ የሚያጋባ ነገር ይዘህ ትመለሳለህ።

ልጄ ሳምሪ ሌላ ከተማ ነው የምትማረው። በስልክ እየመራችኝ ቨርቹዋል ማሽኑን የሚፈጥረውን ፕሮግራም ላፕቶፑ ላይ አወረድኩ። «አባዬ፣ ሲሪየስሊ? አንተ?» ብላ እስኪበቃት ሳቀችብኝ። ከዚያ በኋላ ሥራ ስለቅ ላፕቶፑን በፌስታል ጠቅልዬ ከወሰን መገናኛ፣ ከመገናኛ ቀበና በሚኒባስ፣ ከዚያ አቀበቱን በእግሬ ሆነ ኑሮዬ። ዝናቡ አያባራም። ከእንጦጦ እንጨት ተሸክመው የሚወርዱትን ሴቶች ዳር ይዤ አሳልፋለሁ፤ አንዷ በየቀኑ ስታየኝ ጊዜ «ይሄ ሰውዬ ምን ተስሎ ነው?» ስትል ሰምቻለሁ።

መሪጌታ ጋቢያቸውን አስተካክለው ቃሉን እንደ ዳዊት ያወርዱታል። «አዲስ የሚለውን ንካ። ስም አውጣለት። ሚሞሪውን ግማሽ ስጠው፣ ግማሹን ለውጭዋ ተውላት። ዲስክ ፍጠርለት። ሲዲ በሚለው ቦታ ፍላሹ ላይ ያለውን አሳየው። አስነሣው። ኔክስት። ኔክስት። አይ አግሪ።» አይ አግሪ የምትለዋ፣ እስማማለሁ ማለት ናት፣ ዜማ ነበራት፤ እየሳቡ፣ እየሳቡ ነው የሚያሳርፏት። ችግሩ ካቋረጥኳቸው ነው። «ቆይ መሪጌታ፣ የቱ ጋ ነው?» ካልኩ አለቀልኝ፤ ከ«አዲስ የሚለውን ንካ» እንደገና ይጀምራሉ።

«ከነበሩበት ይቀጥሉ እንጂ!»

«በቃል የተያዘ ከመካከል አይያዝም።»

እኔ ቁጡ ሰው ነኝ፤ ጋራዥ ውስጥ ቁልፍ ወርውሬ አውቃለሁ። እሳቸው ላይ ምን ይወረወራል? ጥርሴን ነክሼ እንደገና።

በሁለተኛው ቀን ማሽኑ፣ ዲስኩ ላይ ያለው ሁሉ ይጠፋል የሚል ነገር አወጣ። እጄን ከኪቦርዱ አነሣሁ። የልጄ ፎቶ፣ የልጄ ጽሑፍ፣ ሁሉም እዚያ ላፕቶፕ ላይ ነው ያለው።

«አልነካም» አልኩ።

«የሚጠፋው የውስጠኛው ነው።»

«የውስጠኛው ውስጥ ምን አለ?»

«ምንም። አሁን ነው የፈጠርከው።»

«ምንም ከሌለ ታዲያ ምኑ ነው የሚጠፋው?»

«ምንም የሌለው ነዋ! ንካው!»

አልነካሁም። ዘግቼ ወደ ቤቴ ሄድኩ። ሳምሪ በስልክ ምላ ተገዝታ ካረጋገጠችልኝ በኋላ ነው በማግስቱ ዓይኔን ጨፍኜ የነካሁት።

ከዚህ የባሰው ግን የፍላሿ ነገር ነበር። ከአንገታቸው አያወልቋትም። ኮምፒውተሩ ሲቃጠል የተረፈችው እሷ ብቻ ስለሆነች ለማንም አያምኗትም። ስለዚህ ላፕቶፑ ላይ ስንሰካት እሳቸውም አብረው ይሰካሉ፤ አጎንብሰው፣ ጢማቸው ኪቦርዱን እየጠረገ ይቀመጣሉ። መጫኑ ሰማንያ ከመቶ ሲደርስ ከውስጥ በድምፅ ማጉያ የሠርክ ጸሎት ተጀመረ፤ ዲያቆኑ «ተንሥኡ ለጸሎት» አለ። መሪጌታ ብድግ! ፍላሿ ተነቅላ ከደረታቸው ጋር ሄደች። ማሽኑ አንድ የማላውቀው ነገር ጽፎ ቀጥ አለ።

«መሪጌታ! ምን ሆኑ?»

«ተነሡ ተባለ።»

«እርስዎን ነው እንዴ?»

«ማንን ሆነና?»

በሚቀጥለውም ቀን እንዲሁ። በሦስተኛውም እንዲሁ። ሰማንያ ሲደርስ ዲያቆኑ ይጮሃል፣ መሪጌታ ይነሣሉ፣ እኔ ራሴን እይዛለሁ። «እባክዎ ለዛሬ ብቻ ተቀምጠው ያሳልፉልኝ፤ እግዜር እንደሆነ ዓይነ ስውር ሽማግሌ መሆንዎን ያውቃል» ብዬ ለመንኳቸው። ተቆጡኝ።

«ዛሬ ተነሥ ስባል የተቀመጥኩ፣ ያን ጊዜ ስጠራ ማን ሊያነሣኝ ነው?»

መላው የመጣልኝ ለእኔው ነው። ከዕቃ ቤቱ አንድ አሮጌ አትሮንስ፣ ትልልቅ መጽሐፍ ተዘርግቶ የሚነበብበትን ማለቴ ነው፣ አወጣሁና ላፕቶፑን እላዩ ላይ አስቀመጥኩት። መሪጌታ መቋሚያቸውን ተደግፈው ከመጀመሪያውኑ ቆሙ። ለመሳለም የመጡ አንዲት እናት ይህን አይተው ምን እንደመሰላቸው እንጃ፣ ወደ ላፕቶፑ አማትበው አለፉ። ዲያቆኑ «ተንሥኡ» አለ። መሪጌታ ቆመው ስለነበር ቆሙ። ሰማንያ፣ ዘጠና፣ መቶ።

«ምን ይታይሃል?»

«አረንጓዴ ኮረብታ። ከላይ ሰማይ አለ።»

«እሱ ነው! አሮጌው ሲስተም መጣ! ዛፍ አለው?»

«አንድም የለው።»

«እንጦጦም እንደሱ ሊሆን ነው» አሉ። ከዚያ ፕሮግራሙን አስጫኑኝ፣ መዝገቡን አስከፈቱኝ።

ወሬው ወዲያው ተሰማ። መስቀል ሊደርስ ስድስት ቀን ቀርቶታል፤ የታችኛው ወገን ሰው ያለው ሁሉ ረድፍና ቁጥሩን ሊጠይቅ ዕቃ ቤቱ ደጃፍ ተሰለፈ። እኔ ግን መጀመሪያ የራሴን ነው የጻፍኩት። የለችም። አስካለ ብቻ ብዬ ፈለግኩ፤ ብዙ አስካለ መጣ፣ የእኔ የለችም። በአባቷ ስም ፈለግኩ። የለችም።

«የለችም!» ብዬ ጮህኩ። «ይሄን ሁሉ ቀን! በዝናብ! በእግሬ! የለችም እኮ ነው የምልዎ!»

መሪጌታ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «መቼ ነው ያረፈችው?»

«ጳጉሜን ሦስት። የሩፋኤል ዕለት።»

«እስቲ ጳጉሜን ሦስት ብለህ ጻፍለት።»

ጻፍኩ። ያን ቀይ ጽሑፍ ለመጀመሪያ ጊዜ ያየሁት ያኔ ነው። እንዲህ ያለ ቀን የለም።

«ማሽኑ የፈረንጅ ነው» አሉኝ። «አሥራ ሦስተኛ ወር አያውቅም። ሁለተኛ ወሩ ደግሞ ሃያ ስምንት ቀን ብቻ ናት። የእኛ ሁለተኛ ወር ጥቅምት ነው፤ ስለዚህ ጥቅምት ሃያ ዘጠኝንና ሠላሳን አልቀበልም ይላል። ሃያ ዘጠኝን በአራት ዓመት አንዴ ይቀበላል፤ እሱንም ለምን እንደሆነ አትጠይቀኝ። በእነዚህ ቀኖች የተቀበረ ሰው እዚህ ውስጥ የለም።»

«ታዲያ በሌላ ቀን አያስገቧቸውም ነበር? መስከረም አንድ ቢሏት ምን ነበረበት?»

«ልዋሽ? ልጅዋ ሙት ዓመቷን በማን ቀን ሊያወጣ ነው?»

ከዚያ መቋሚያቸውን ተደግፈው መጥራት ጀመሩ። በቃላቸው። «አንደኛ፣ አቶ ደምሴ ወልዴ፣ ገብረ ማርያም፣ ጥቅምት ሠላሳ፣ ረድፍ ሁለት ቁጥር ሰባት፤ ውሻው ከመቃብሩ አልነሣም ያለ። ሁለተኛ፣ ወይዘሮ ጫልቱ ዲንሳ፣ ወለተ ጊዮርጊስ፣ ጳጉሜን አንድ፣ ረድፍ አራት ቁጥር አንድ፤ እህቷ በኦሮምኛ ያለቀሰችላት።» ማሽኑ ያልተቀበላቸውን ሁሉ፣ ሠላሳ ስድስት ሰው፣ ከእነ ክርስትና ስማቸው፣ ከእነ ረድፋቸው፣ በቀብሩ ቀን ዓይናቸው ካየው አንዳንድ ነገር ጋር ይዘዋቸዋል። አሥራ አምስተኛው ላይ ሲደርሱ ከሰልፉ አንድ ሰውዬ «የእኛ ተራ ገና ነው እንዴ?» አለ። መሪጌታ አቆሙ።

«አንደኛ፣ አቶ ደምሴ ወልዴ» አሉ።

ያን ሰውዬ አንገቱን ብይዘው ደስ ይለኝ ነበር። በጣቴ እየቆጠርኩ ጠበቅኩ። አሥር። አሥራ ስድስት። ሃያ። 

«ሃያ ሁለተኛ፣ ወይዘሮ አስካለ ተክሌ፣ ወለተ ሰንበት፣ ጳጉሜን ሦስት፣ ረድፍ አሥራ አንድ ቁጥር አራት፤ ልጇ ቀይ ሹራብ ለብሶ፣ ጃንጥላ ሲሰጡት እንቢ ብሎ ዝናብ ውስጥ የቆመ።»

ያ ልጅ እኔ ነኝ። ሹራቡን በእጇ የሠራችልኝ እሷ ናት። ወለተ ሰንበት የሚለውን ስሟንም ረስቼው ነበር፤ የገዛ እናቴን የክርስትና ስም! ሰው ሁሉ እያየኝ እንደ ሕፃን አለቀስኩ።

እንባዬን እየጠረግኩ ሳለ አንድ ነገር ትዝ አለኝ። ያ የከንፈራቸው መንቀሳቀስ።

«መሪጌታ፣ በመጀመሪያው ቀን ስሟን ስነግርዎ ያውቁ ነበር?»

«አውቅ ነበር።»

«የት እንዳለች?»

«በልቤ እስከ ሃያ ሁለት ቆጠርኩ፤ አገኘኋት።»

«ታዲያ ለምን አልነገሩኝም! ለምን አደከሙኝ!»

«ያን ቀን ብነግርህ ተመልሰህ ትመጣ ነበር?»

ዞር ብዬ ሰልፉን አየሁት። እስከ በሩ ደርሷል፤ ሁሉም ከዚህ ማሽን የሰውን ቦታ ሊያገኝ ነው የቆመው። አፌ ላይ የመጣው ስድብ የት እንደገባ አላውቅም። አታለሉኝ ብዬ ተናደድኩ፣ ጉልበታቸውን ልሳም ደግሞ ቃጣኝ። የቱ እንደሚበልጥ እስከ ዛሬ አልለየሁትም። ተቀመጥኩና ለሰልፈኛው ስም መጻፍ ጀመርኩ። እናቴን በደመራው ዋዜማ አዛወርኳት፤ ቆፋሪዎቹ መሪጌታ እንዳሉት ረድፍ አሥራ አንድ ቁጥር አራት ላይ አገኟት።

ከዚያ በኋላ ቅዳሜ ቅዳሜ መሄድ ልማድ ሆነብኝ። «ሠላሳ ስድስቱን ያዛቸው» አሉኝ።

«ልጻፋቸው መሪጌታ። በቃል ያለ ይረሳል፣ በመጽሐፍ ያለ ይወረሳል ሲባል አልሰሙም?»

«ሰምቻለሁ። መዝገብ ላይ የነበረው ሐምሌ ላይ ተቃጠለ። በቃል የነበረው ይኸው ያነጋግርሃል።»

ሳምሪም አንድ ቀን በስልክ፣ «አባዬ፣ ኢዚ እኮ ነው! ፕሮግራሙ ላይ ማስታወሻ የሚጻፍበት ቦታ ካለ እዚያ አስገባቸው፤ ቀኑን ባዶ ተወው» አለችኝ። አየሁ፤ ቦታው አለ። በሁለት ደቂቃ የሚያልቅ ነገር! ሮጬ ነገርኳቸው። መሪጌታ ሰሙኝና፣ «በማሽኑ ውስጥ ካሉት ውስጥ እስቲ አንድ ሰው ጥራልኝ» አሉ። ያን ሁሉ ቀን ስም ስጽፍ ከርሜ አንድ ስም አልመጣልኝም። «እኔም አይመጣልኝም» አሉ። ማስታወሻ መጻፊያውን አያውቁት ነበር? ወይስ አውቀው ተውት? ጠየቅኳቸው እኮ። «ሰባተኛው ላይ ተሳስተሃል፣ ከመጀመሪያው ጀምር» ብለው አለፉኝ።

ዓመት ፈጀብኝ። ዘንድሮ ጥቅምት አጋማሽ ላይ ታመው አልጋ ላይ ሳሉ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ከአንድ እስከ ሠላሳ ስድስት ሳልቆም ጠራሁላቸው። ዓይናቸውን ጨፍነው ሰሙኝ። ስጨርስ ፍላሿን ከአንገታቸው አውልቀው በዳሰሳ አንገቴን ፈልገው አጠለቁልኝና፣ በዚያ በለመድኩት ዜማ፣ እየሳቡ «አይ አግሪ» አሉ። ትርጉሙን ይወቁት አይወቁት እንጃ።

እንግዲህ እንዲህ ያለ ሰው ነው ጥቅምት ሠላሳ ቀን የሞተብኝ፤ ማሽኑም እንዲህ ያለ ቀን የለም ያለኝ።

«ኅዳር አንድ ብለህ አስገባቸዋ!» አለኝ ጸሐፊው። «በአንድ ቀን ምን ይመጣል?» ምንም አይመጣም ነበር። ኅዳር አንድን ጻፍኩት። ማሽኑ ደስ ብሎት ተቀበለ፤ አስቀምጥ የሚለውን መንካት ብቻ ነው የቀረኝ። አልነካሁም። ከዚያ የጻፍኩትን አጠፋሁት፣ የውስጠኛዋን ማሽን ዘጋሁ፣ የውጭዋን ላፕቶፕ ዘጋሁ፣ ተነሥቼ ወጣሁ።

የመቃብራቸው አፈር ገና እርጥብ ነው። አጠገቡ ቆሜ ጠራሁ። «አንደኛ፣ አቶ ደምሴ ወልዴ፣ ገብረ ማርያም፣ ጥቅምት ሠላሳ።» ሃያ ሁለተኛዋን እናቴን ከእነ ቀይ ሹራቤ ጠርቼ አለፍኳት። ሠላሳ አራተኛው ላይ ስደርስ ጸሐፊው ከበሩ ብቅ ብሎ «ግርማ! ቀኑን ምን ብለህ አስገባኸው?» ብሎ ጮኸ። ጠፋብኝ። ከየት እንደምቀጥል ጠፋብኝ። ፍላሿን በእጄ ጨብጬ፣ ጉሮሮዬን ጠርጌ፣ ከአቶ ደምሴ እንደገና ጀመርኩ። በዚህኛው ግን ማንም አላቋረጠኝም።

«ሠላሳ ሰባተኛ፣ መሪጌታ ይትባረክ፣ ወልደ መድኅን፣ ጥቅምት ሠላሳ፣ ረድፍ ሁለት ቁጥር ዘጠኝ፤ ተነሡ ሲባል ተቀምጠው የማያውቁ።»